ዳይፐር ወይስ ጨርቅ፣ እናት ቤት ወይስ የራስ ቤት? ከወሊድ በፊት ቤት ውስጥ የሚመረጡ ነገሮች

የመጀመሪያ ልጄ የተወለደችው ሐምሌ ላይ ነው። የምንኖረው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ከመጋረጃው ብረት እስከ ቁም ሳጥኑ እጀታ ገመድ ወጥረን ሃያ ምናምን የሽንት ጨርቅ ሰቅለንበታል። 3ኛ ቀኑ ነው፤ አንዱም አልደረቀም። ሳሎኑ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። ውሃ የምትመጣው በሳምንት 2 ቀን ነበር፣ እሷም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ። እናቴ «ቆይ አሳየዋለሁ» ብላ ጨርቁን በካውያ ማድረቅ ጀመረች። ሁለተኛውን ሳትጨርስ መብራት ሄደ። ካውያውን አስቀመጠችና «በይ እንግዲህ አልቅሺ» አለችኝ። ተያይተን ሳቅን።

ጥግ ላይ ደግሞ የጡጦ ማሞቂያ ማሽን ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ከጎኑ የታጠፈ ጋሪ። እነሱን ለመግዛት ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣሁ አንድ ወር ሙሉ ዋጋ ሳወዳድር ነበር የከረምኩት። ማሽኑን እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም።

ሁለተኛው ልጄ የመጣው በጥር ነው። ያን ጊዜ የመረጥኳቸው ነገሮች ከመጀመሪያው ጋር ግማሽ በግማሽ እንኳ አይመሳሰሉም። «የቱ ይሻላል?» ብዬ የምጠይቀው ባለሱቅ መልሱን ሊያውቀው እንደማይችል የገባኝም ያኔ ነው። የቤቴን ውሃ የት አውቆት!

ገበያ ከመውጣትሽ በፊት

3 ነገር ቁጭ ብለሽ መልሺ።

ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አላችሁ ወይስ በበርሜልና በጀሪካን ነው የምታጠራቅሙት?

የምትወልጂው በየትኛው ወር ነው? አዲስ አበባ ላይ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ልብስ ደጅ ማድረቅ የዕድል ጉዳይ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ሌሊቱ ግን አጥንት ይሰብራል።

ከወለድሽ በኋላ ባሉት 40 ቀናት ቤት ውስጥ የሚያድረውና የሚውለው ሰው ማነው? «ኧረ ሁሉም ይመጣል» መልስ አይሆንም። ስም ጥሪ። ባልሽ በግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆነ ደግሞ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ነው። አንቺ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አለሽ። ስለዚህ ባልሽ የዓመት ፈቃዱን ለሠርግና ለለቅሶ ከመጨረሱ በፊት ከአሁኑ ያስቀምጥ።

ከዚህ በታች ያለው ምርጫ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እነዚህ 3 መልሶች ላይ ነው የሚያርፈው።

ዳይፐር፣ ጨርቅ ወይስ ሁለቱም

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጅ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይቀየራል። በ10 እንያዘው። በወር 300 ማለት ነው። ሰፈርሽ ሱቅ ሄደሽ የአንዱን ዳይፐር ዋጋ ጠይቂና በ300 አባዢ። ይህን ሳታሰሊ ውሳኔ ውስጥ እንዳትገቢ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቁጥሩ ቀነስ ይላል፤ ዳይፐሩ ግን ትልቅ በሆነ ቁጥር ዋጋውም ይጨምራል፣ ስለዚህ ብዙ አትጽናኚበት። ከሱቅ በፍሬ መግዛትም አለ። ለአንድ ሌሊት ያድናል፤ ልማድ ከሆነ ግን ኪስ ይበላል።

ጨርቁ 2 ዓይነት ነው። አንዱ የእናቶቻችን ነው፦ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ፣ ዳሩ ተቀምቅሞ፣ ከላይ የላስቲክ ሱሪ የሚደረግበት። ሌላው አሁን አሁን የመጣው፣ ውጩ ውሃ የማያስወጣ፣ በቁልፍ እየጠበበና እየሰፋ እስከ 2 ዓመት ድረስ የሚያገለግል ነው። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፤ ቶሎም ይደርቃል፣ ምክንያቱም ስትዘረጊው ስስ ነው። ሁለተኛው ለመልበስ ምቹ ነው፤ ወፍራሙ የውስጥ ጨርቅ ግን በክረምት ይፈትንሻል። ብዙዎች «ዘመናዊው ይሻላል» ይላሉ። እኔ ማሽንና ፀሐይ ከሌለ የድሮውን እመርጣለሁ።

ጨርቅ ብቻ ይዤ እዘልቃለሁ ካልሽ ቢያንስ 24 ያስፈልግሻል፤ በየሁለት ቀኑ የሚያጥብ ሰውም ጭምር። እጥበቱ ላይ ሰው የሚዘነጋው ማለቅለቁን ነው። የዱቄት ሳሙና በደንብ ካልወጣ የልጁ ቂጥ ይቀላል። ስለዚህ 3 ውሃ ይፈልጋል። እኛ 12 ጨርቅ ለማጠብና ለማለቅለቅ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን 3 ጊዜ እንጨርስ ነበር። ያንን ውሃ 4ኛ ፎቅ የሚያወጣው ማነው?

ዳይፐርም የራሱ ጣጣ አለው። ልጁ የረጠበ ስለማይመስል ሰው ሳይቀይረው ይቆያል፣ ከዚያ ሽፍታው ይመጣል። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚመጡ ከሆነ 70 ያገለገለ ዳይፐር በረንዳ ላይ ይጠብቃቸዋል። አጥብቆ መጠቅለል፣ በፌስታል ማሰር፣ ክዳን ባለው ባልዲ ማስቀመጥ ነው መፍትሔው። ሽንት ቤት ውስጥ እንዳይጣል ለሠራተኛዋም ለእንግዳም ቀድመሽ ንገሪ። አንድ ጊዜ ከተደፈነ የጎረቤት ወዳጅነትም አብሮ ይደፈናል።

የኔ ፍርድ ይሄ ነው። በክረምት የምትወልጂ ከሆነና ውሃሽ የተራ ከሆነ፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 2 ወራት በዳይፐር አሳልፊ፤ ከሥር የሚነጠፍ 10 ጨርቅ ይብቃሽ። ከመስከረም በኋላ ከሆነና ሮቶም ረዳትም ካለሽ፣ ቀን ጨርቅ፣ ሌሊት ዳይፐር አድርጊ። ጥር ላይ ያደረግኩት ይህንን ነው፤ ወጪው በግማሽ ቀንሶልኛል። በየትኛውም ወቅት ቢሆን ግን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት በዳይፐር ጀምሪ። ያ እንደ ቅጥራን የሚጣበቅ ጥቁር ካካ ከጨርቅ ላይ በምንም አይለቅም።

የት ትታረሻለሽ?

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ምርጫ ያለው። ሰው ግን ስለ አልጋ ቀለም አንድ ወር ይነጋገርና ይህንን በ5 ደቂቃ ስልክ ይወስነዋል።

የመጀመሪያውን በራሴ ቤት ነው የታረስኩት። እናቴ ከጉለሌ መጥታ አብራኝ ሆነች። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ዕቃዬ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ የምወልድበት ሐኪም ቤት ቅርብ ነው፣ ባሌ ማታ ከሥራ ሲመጣ ልጁን ያገኛታል። ጉዳቱ ደግሞ ቀስ እያለ ነው የሚታየው። ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው። እናቴ ከኔ ጋር አልጋ ላይ፣ ባሌ ሳሎን ፍራሽ ላይ። እናቴ በሰው ቤት ነኝ ብላ ስለምታስብ አንድ ድስት ለማንሳት እንኳን ታስፈቅደኛለች። የራሷም ቤት ሐሳብ ሆነባት፤ አባቴ ብቻውን ነው፣ የዕድሯ ለቅሶ አያልቅም። በ25ኛው ቀን «ልጄ፣ እስቲ ደርሼ ልምጣ» አለች። ደርሳ የመጣችው ከ9 ቀን በኋላ ነው።

ሁለተኛውን ጉለሌ እናቴ ቤት ታረስኩ። ግቢ አለ፣ ሮቶ አለ፣ ፀሐይ አለ። ጠዋት የታጠበ ጨርቅ እኩለ ቀን ላይ ይታጠፋል። እናቴ በገዛ ማዕድ ቤቷ ንግሥት ናት፤ ገንፎው በሰዓቱ ይመጣል። ጎረቤት ያሉ እትዬዎች ገብተው ልጁን ይዘውልኝ እተኛለሁ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አንድ ነገር ብቻ፦ በር የሚዘጋ ሰው። ዘመዱ፣ ዕድርተኛው፣ ማኅበርተኛው ሁሉ መጣ። ቡናው በቀን 3 ጊዜ ይፈላል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ሁሉም ልጁን ካልሳምኩ ይላል። ባሌም ከጀሞ ጉለሌ በ2 ታክሲ እየተመላለሰ፣ በሁለተኛው ሳምንት እንደ ጠያቂ ብርቱካን ይዞ መምጣት ጀመረ። ያሳቀኝም ያሳዘነኝም ይሄ ነው።

ሁለቱን ሳወዳድር እናቴ ቤት ይሻል ነበር እላለሁ፤ ግን ምክንያቴ ውሃውና ግቢው ነው። እናትሽ የምትኖረው በኪራይ ጠባብ ቤት ከሆነ፣ ወይም ከከተማ ወጣ ብላ ጤና ጣቢያ በሌለበት ከሆነ፣ ፍርዱ ይገለበጣል። ከወለድሽ በኋላ በ3ኛው ቀን አካባቢ፣ ከዚያም በ1ኛውና በ2ኛው ሳምንት መሀል፣ ከዚያም በ6ኛው ሳምንት መታየት አለባችሁ። ልጁ ሲወለድ የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ መከላከያ ይሰጠዋል፤ ቀጣዩ ክትባት በ6ኛው ሳምንት ነው። ለእነዚህ ቀጠሮዎች የምትሄጂበት መንገድ ይታይሽ። በኦፕሬሽን የመውለድ ዕድል ካለ ደግሞ ደረጃ የሌለበት ቤት ያሸንፋል፤ ሌላ ክርክር አያስፈልግም።

የትም ታረሺ፣ አንድ ንግግር ከወሊድ በፊት መደረግ አለበት። ልጁ ቅቤ አይልስም፣ ውሃ አይቀምስም፣ እትብቱ ላይ ምንም አይቀባም፣ እንጥል የሚባል ነገር አይቆረጥም። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ። ይህንን ለእናትሽ አንቺ፣ ለአማትሽ ባልሽ ይንገር፤ ዘር ዘሩን ይናገር። ከወለድሽ በኋላ ለመከራከር አቅም አይኖርሽም። ወይ ታለቅሻለሽ ወይ አራስ ነብር ትሆኛለሽ። እኔ እናቴን የእርግዝና ክትትል ቀጠሮዬ ላይ ይዣት ሄድኩና ነርሷ ነገረቻት። ከነርሷ የሰማችውን ከኔ ቢሆን አትሰማውም ነበር።

የሚከፈላት ረዳት መቅጠር 3ኛው አማራጭ ነው፤ ከሁለቱም ጋር ይሄዳል። ብዙ ሰው ሞግዚት ይፈልጋል። እኔ ምግብ የምታበስልና የምታጥብ ሰው ይሻላል ባይ ነኝ። ልጁን አንቺ ትይዣለሽ፤ እጅሽን የሚይዝሽ ሳህኑና ጨርቁ ነው። አዳሪ ከሆነች የምትተኛበት ቦታ አስቢ። ቦታ ከሌለ ተመላላሽ ቅጠሪ። ደላላ ጋ የምትሄጂውም ወርሽ ከመግባቱ በፊት ይሁን፣ ቢያንስ 2 ወር ቀድመሽ። ሰው ከሰው እስኪለማመድ ጊዜ ይፈልጋል። ደመወዟንና የዕረፍት ቀኗንም ያኔውኑ ተነጋገሩ።

መኝታ

ሐኪሞች የሚሉት ይሄ ነው፦ ልጁ በጀርባው ይተኛ፣ ፍራሹ ጠንከር ያለና ለጥ ያለ ይሁን፣ አጠገቡ ትራስም ወፍራም ብርድ ልብስም አሻንጉሊትም አይኑር፣ ቢያንስ እስከ 6 ወር ድረስ ከእናቱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ግን በራሱ መኝታ ላይ ይተኛ።

የሱቅ አልጋ ያምራል። ከዙሪያው የሚታሰረው ለስላሳ ትራስና የሚንጠለጠለው ጌጥ ግን ለፎቶ ነው፤ ከገዛሽው አውጥተሽ አስቀምጪ። አናጺ ቢሠራልሽ ዋጋው ይቀንሳል፣ በክፍልሽ ልክም ይሆናል። ለአናጺው 2 ነገር ንገሪው፦ በእንጨቶቹ መሀል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ፣ ፍራሹና ጠርዙ መሀል 2 ጣት እንዳይገባ። ቫርኒሹ ሽታው እስኪለቅ ድረስ ከነመዘግየቱ 2 ወር ስጪው። የአናጺ «ሐሙስ ና» የትኛው ሐሙስ እንደሆነ አይታወቅም።

አብዛኞቻችን ግን ልጁን አጠገባችን ነው የምናስተኛው። እናቶቻችንም እንደዚያው ነበሩ። የምታደርጊው ከሆነ በጥንቃቄ አድርጊው፦ ከባዱን ብርድ ልብስና ትራሱን ከልጁ አርቂ፣ በአልጋውና በግድግዳው መሀል ክፍተት አይኑር፣ ሶፋ ላይ ይዘሽው አትተኚ። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ኪሎው ትንሽ የሆነ ልጅ ከሆነ፣ ወይም ባልሽ የሚያጨስ፣ የሚጠጣ ከሆነ ጭራሽ አይሆንም።

ለሁለተኛው ልጄ መሀል መንገድ አገኘሁ። ያንኑ የመጀመሪያዋን አልጋ ለአናጺ ሰጥቼ አንዱን ጎን አስወለቅኩና ከፍታውን ከአልጋችን ጋር እኩል አስደረግኩ። ከአልጋችን እግር ጋር በጠፍር ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። ሌሊት እጄን ዘርግቼ አነሳዋለሁ፣ አጥብቼ እመልሰዋለሁ። ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ በጣም የካሰኝ ይሄ ነው። ቆላ ከተማ ለምትኖሩ፣ አልጋው ምንም ይሁን ምን አጎበር ከላዩ ይኑር።

ክፍሉን ማሞቅ

«አራስን ብርድ ይመታታል» ይባላል። መስኮት ይዘጋል፣ ከሰል ይገባል። እዚህ ላይ ማመቻመች የለም፦ ከሰል የተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል። ከፍሙ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ሲሆን «አሁን ምንም አይልም» የሚባለው ያኔም እየወጣ ነው። የቡናው ከሰልም ቡናው ሲያበቃ ይውጣ። ቡናው ራሱ አራሷ ከተኛችበት ክፍል ውጭ ቢፈላ ማንም አይጎዳም።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከከሰል በብዙ ይሻላል። ችግሩ መብራት ነው፤ አየሩንም ያደርቃል፣ ከመጋረጃና ከአልጋም መራቅ አለበት። የሙቅ ውሃ ላስቲክም አለ፤ መኝታውን ካሞቀልሽ በኋላ ልጁን ከማስተኛትሽ በፊት አውጪው፣ ቆዳ ያቃጥላልና። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ምንም አያስወጣም። ልጁን በዳይፐር ብቻ አድርገሽ፣ ኮፍያ አልብሰሽ፣ ደረትሽ ላይ ቆዳ ለቆዳ አስተኝተሽ ከላይ ጋቢ መልበስ። መብራት ቢሄድም ባይሄድም ይሠራል። ባልሽም ይችላል፤ የደረቱ ፀጉር ልጁን አይቆረቁረውም፣ ጠይቄ ነው።

መስኮቱን በተመለከተ ከእናቴ ጋር ተደራደርን። እኔ ገላዬን ልታጠብ ስወጣ ልጁን ይዘን እንወጣለን፣ መስኮቱ ለግማሽ ሰዓት ይከፈታል፣ ከዚያ ይዘጋል። ሁለታችንም አሸነፍን።

አንቀልባ፣ የደረት ማዘያ፣ ጋሪ

ጋሪ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ከቤቱ በር እስከ ታክሲ መያዣው በእግሩ ይሂድ። ደረጃ፣ ኮብልስቶን፣ ጭቃ፣ ክዳን የሌለው ቦይ። ሊፍት ያለው ሕንፃና ለስላሳ መንገድ ካለሽ ግዢ። እኔ ጋሪውን 4ኛ ፎቅ 2 ጊዜ አውጥቼ አውርጄ ለሽንኩርት ማስቀመጫ አደረግኩት።

አንቀልባ ገና ተመራጭ ነው። ግን ከጀርባ የሚታዘለው አንገቱ ሲጠና ነው፣ ከ3 እስከ 4 ወር አካባቢ። ስለዚህ ከወሊድ በፊት የሚያስፈልግሽ ካለ የደረት ማዘያው ነው። ስትመርጪ የልጁ ጉልበት ከቂጡ ከፍ ብሎ፣ ጭኑ ተከፍቶ የሚቀመጥበትን ምረጪ። እግሩ ቀጥ ብሎ የሚንጠለጠልበት ለዳሌው ጥሩ አይደለም። ፊቱም ሁልጊዜ ይታይሽ። በተረፈ የአክስትሽ አንቀልባ ካለ ለአራተኛው ወር አስመጪው።

ልብስና ገላ

አዲስ፣ የተወረሰ ወይስ ሰልቫጅ? የተወረሰ። አራስ ልጅ ልብሱን ሳይጨርሰው ነው የሚያድገው፤ የእህትሽ ልጅ ከለበሰው ገና አዲስ ነው። ሰልቫጅም ጥጡ ጥሩ ነው፤ ብቻ በፍል ውሃ ታጥቦ፣ ተተኩሶ። ከ6 እስከ 8 ቅያሬ ይበቃል፤ ክረምት ከሆነ 10። በራስ የሚገባ ልብስ አትግዢ፣ ከፊት የሚቆለፈውን እንጂ። የምታለቅስ ልጅ ጭንቅላት በጠባብ አንገት ማስገባት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ምን እንደሚመስል ታይዋለሽ።

ለገላ ሳፋ ይበቃል፤ ለልጁ ብቻ የተለየ። ከውጭ የሚመጣው መታጠቢያ ቦታ ይይዛል፣ ውሃም ይበላል። ለማንኛውም የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት ልጅ አይታጠብም፤ እትብቱ እስኪወድቅም በጨርቅ ማበስ ይሻላል።

ፓምፕ አሁን አትግዢ

ሥራ የምትመለሺው ከ90 ቀን በኋላ ነው። ፓምፑን በ2ኛው ወር ግዢ። ያኔ ወተትሽንም ሥራ ቦታሽንም ታውቂዋለሽ፤ የሚዘጋ ክፍል አለ ወይስ መጋዘን ውስጥ ነው የምታልቢው? በእጅ የሚሠራው ርካሽ ነው፣ መብራት አይፈልግም። የኤሌክትሪኩ ፈጣን ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክልሽ ከሆነ የቻርጀሩን ጀርባ አንብቢ፦ «ከ100 እስከ 240» ካለ ችግር የለም፤ 120 ብቻ ካለ የኛ 220 ቮልት በመጀመሪያው ቀን ያቃጥለዋል። በስንቱ ቤት የተቃጠለ ፓምፕ ተቀምጧል! የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ግን 4 ቀን ብለሽ አትተማመኚ።

የአራስ ምግብ፦ ማስፈጨት ወይስ ከባልትና

የገንፎው ገብስና የአጥሚቱ አጃ በቤት ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ወፍጮ ቤት ሲሄድ ሽታው ሌላ ነው። ግን የማን ጉልበት ነው? በ8 ወር ሆድ ጎንበስ ብለሽ እህል የምትለቅሚ ከሆነ፣ ከባልትና ቤት ግዢና እግርሽን ሰቅለሽ ተቀመጪ። እናትሽ ወይም አክስትሽ «እኔ አለሁ» ካሉ ደግሞ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከወለድሽ በኋላ አስፈጪ። እኛ የመጀመሪያውን ሁሉንም ባንዴ አስፈጭተን፣ በክረምቱ እርጥበት ነቀዝ ገባበት።

ቅቤ ላይ ገንዘብ ከማፍሰስሽ በፊት ደግሞ ክርስትናውን አስቢ። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ሌላ ድግስ እየመጣ ነው። ጠያቂም ቅቤ ይዞ ይመጣል። ሰው የማያመጣው አትክልት፣ እንቁላልና ሥጋ ነው፤ የአራስ አቅም የሚመለሰውም በእሱ ነው። ገንዘቡን እዚያ ላይ አድርጊው።

ምጥ ሲመጣ

አምቡላንስ፣ ታክሲ ወይስ የጎረቤት መኪና? ሦስቱንም ያዢ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የእሳትና አደጋ 939 አለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን የኛን ሕይወት ያዳነው የ2ኛ ፎቅ ጎረቤታችን ቪትዝ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ሄደሽ «ቢመጣብኝ ላንኳኳ?» በዪ። እምቢ የሚል ሰው አላየሁም። በመንግሥት ጤና ተቋም መውለድ ነፃ ነው፤ ቢሆንም ጥሬ ብር ያዢ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አይረዳሽም። የክትትል ካርድሽ ከቦርሳው የላይኛው ኪስ ይሁን። የልጁ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ስለሚመዘገብ፣ ከሐኪም ቤት የሚሰጡሽን ወረቀት ባልሽ እዚያው ኪስ ውስጥ ይመልሰው።

የቀረው እንግዳ ነው። «ምን ይዤ ልምጣ?» ብለው ሲደውሉ «ኧረ ምንም፣ እናንተ ብቻ ኑ» ማለት ለምዶብናል። እኔም በመጀመሪያው ጊዜ እንደዚያ አልኩ። 11 ሰው ትንሿን ቁጥር 1 ዳይፐርና የአራስ ልጅ ካልሲ ይዞ መጣ። ልጄ በ5ኛው ሳምንት ቁጥሩ ጠበባት። በሁለተኛው ልጄ ጊዜ አፍሬም ቢሆን ተናገርኩ፦ «እትዬ፣ ካላስቸገርኩዎት ዳይፐር፣ ቁጥር 3። ልብስ ከሆነ ደግሞ ከ6 እስከ 9 ወር።» በስልኩ ማዶ ትንሽ ዝም አሉና «እሰይ፣ ገላገልሽኝ» አሉኝ።